አንጂዮግራፊው ንጹሕ ሲሆን

አንዲት ዐረፍተ ነገር አለች፤ የሕክምና ማስታወሻ ላይ ባየኋት ቁጥር ትቆረቁረኛለች። «የልብ ደም ሥሮች ንጹሕ ናቸው፣ መዘጋት አልታየም» ትላለች። ከእሷ በፊት የተጻፈው ታሪክ ብዙ ጊዜ ይመሳሰላል። በአርባዎቹ ዕድሜ ያለ ሰው ደረቱን ጨምድዶ ይዞት ይመጣል። ላብ አጥምቆታል፤ ፊቱ አመድ መስሏል፤ ራሱን ፈልጦታል። ኢሲጂው (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ላይ የጡንቻ መጎዳት ምልክት የሆነው የኤስቲ ከፍታ አለ፣ ጡንቻው ሲጎዳ ወደ ደም የሚወጣው ትሮፖኒን ጨምሯል፣ ኤኮው (የልብ አልትራሳውንድ) ደግሞ የግራው የልብ ክፍል ግድግዳ በከፊል እንደማይንቀሳቀስ ያሳያል። ሃርት አታክ ነው ተብሎ በጥድፊያ የልብ ደም ሥሮችን በራጅ ወደሚያሳየው ምርመራ፣ ወደ አንጂዮግራፊ፣ ይገባል። እዚያ ግን የተዘጋ ነገር የለም።

የምትቆረቁረኝ ስለተሳሳተች አይደለም፤ እውነቷን ነው። የሚያሳስበኝ ተከትሏት የሚመጣው እፎይታ ነው። ደም ሥሩ ንጹሕ ከሆነ ከባዱ ነገር ያለፈ ይመስላል። ማስታወሻው ላይ «ታኮትሱቦ» ወይም «ከድንጋጤ የመጣ የልብ ጡንቻ ድካም» ተብሎ ይሰፍራል፣ የልብን ምት የሚያረጋጋው ቤታ ብሎከር ይታዘዛል፣ በሽተኛው ወደ ክፍሉ ይመለሳል። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ያስኬዳል። አልፎ አልፎ ግን ከኩላሊቱ በላይ፣ አድሬናል ዕጢው ውስጥ፣ ጥቂት ሴንቲሜትር የሚሆን ቱመር ተቀምጦ አድሬናሊንና ኖርአድሬናሊን እያፈሰሰ ነው። ፊዮክሮሞሳይቶማ ይባላል። ልቡን የመታው እሱ ነው፤ ገና ሥራውን አልጨረሰም።

ብርቅ ነው፣ አልክድም። በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ሰው ከ2 እስከ 8 በሚሆኑት ላይ ብቻ ይገኛል፤ የደም ግፊት ክትትል ካላቸው ሰዎች መካከልም ድርሻው ከ0.2 እስከ 0.6 በመቶ ነው። ይህ ቁጥር ግን የሚናገረው ስለ ጠቅላላው ሕዝብ ነው። ልቡ በድንገት ደክሞ፣ ደም ሥሩ ንጹሕ ሆኖ፣ ግፊቱ እየወጣና እየወረደ አልጋ ላይ ስላለው ሰው አይናገርም። በእሱ ዘንድ ዕድሉ ሌላ ነው። በሽታው መጀመሪያ በዝርዝር የተመዘገበው በ1886 ፍራይቡርግ ውስጥ ሲሆን፣ ፌሊክስ ፍሬንክል የገለጻት በሽተኛ የ18 ዓመት ልጅ ነበረች። የሁለቱም አድሬናሎቿ ቱመር የታየው ከሞተች በኋላ አስከሬኗ ሲመረመር ነው። ከዚያ ወዲህ ከአንድ ምዕት ዓመት በላይ ቢያልፍም፣ አስከሬን ምርመራ ላይ ብቻ የሚገኝ ፊዮክሮሞሳይቶማ ዛሬም አልጠፋም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

ጡንቻው ላይ የሚደርሰው

አድሬናሊንና ኖርአድሬናሊን በጥቅሉ ካቴኮላሚን ይባላሉ። ጤነኛ ሰውነት የሚለቃቸው ለአጭር ጊዜ ነው፤ ልብ ይመታል፣ ግፊት ይጨምራል፣ ከዚያ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ቱመሩ ግን ልጓም የለውም። አንዳንዱ ያለማቋረጥ ያንጠባጥባል፣ አንዳንዱ በየመሀሉ ያፈነዳዋል፣ አንዳንዱ ሁለቱንም ያደርጋል።

የልብ ጡንቻ ሕዋስ ላይ ያሉት፣ ካቴኮላሚን የሚያርፍባቸው ቤታ ተቀባዮች ያለ ዕረፍት ሲቀሰቀሱ ወደ ሕዋሱ የሚገባው ካልሲየም ከልክ ያልፋል። ካልሲየም ጡንቻው እንዲኮማተር ያዘዋል፤ ሲበዛ ግን እንዲላላ የሚያደርገው ሥርዓት አቅም ያጣል፣ ኃይል የሚያመነጩት ሚቶኮንድሪያዎችም ይጎዳሉ። ሕዋሱ እንደተኮማተረ ይሞታል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ የጡንቻው ክሮች ተጨፍልቀው ወፍራም ባንድ ሠርተው ይገኛሉ። ደም ሥር ተዘግቶ በሚመጣ ሃርት አታክ የሞተው ቦታ የአንድ ደም ሥር ግዛት ነው፤ እዚህ ግን ጉዳቱ በትንንሽ ነጥቦች ተበታትኖ፣ ዙሪያውን የቁጣ (ኢንፍላሜሽን) ሕዋሳት ሰፍረውበት ይታያል። በ1966 ከማዮ ክሊኒክ የወጣ የአስከሬን ጥናት ይህን ሥዕል በፊዮክሮሞሳይቶማ ከሞቱት ከግማሽ በሚበልጡት ልብ ላይ አግኝቶታል።

ሁለተኛው መንገድ በአልፋ ተቀባዮች በኩል ነው። ኖርአድሬናሊን የልብን ጥቃቅን ደም ሥሮች ያጠባል። አንጂዮግራፊ የሚያሳየው ትልልቆቹን ነው፤ ጥቃቅኖቹ በአንድ ላይ ተጨምቀው ጡንቻው ደም ቢጠማው እንኳ ፊልሙ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። በዚያው ቅጽበት የመላ ሰውነት ደም ሥሮችም ጠበዋልና ልብ የሚገፋው ጫና በእጥፍ ጨምሯል። ይህ ሁሉ ላይ የካቴኮላሚን ኦክሲዴሽን ውጤቶች፣ አድሬኖክሮምን የመሰሉት፣ የሕዋሱን ሽፋን ያበላሻሉ። ጊዜ በሄደ ቁጥር የሞተው ቦታ በጠባሳ ይተካል።

ውጤቱ አንድ መልክ የለውም፤ ምርመራውን የሚያሳስተውም ይህ ነው። በአንዱ ሰው የልብ ጫፍ ተነፍቶ ሥሩ ብቻ ይመታል። በሌላው ተገላቢጦሽ ነው፤ ጫፉ እየሠራ ሥሩ ይቆማል። ለረጅም ጊዜ ሲንጠባጠብበት የኖረው ልብ ሰፍቶና ላልቶ ይገኛል፣ ልክ ምክንያቱ እንዳልታወቀ የልብ ድካም። በሌላው ደግሞ ግድግዳው ወፍሮ በዘር የሚተላለፈውን የልብ ጡንቻ መወፈር ይመስላል። የጫፉን ጉዳት በተመለከተ ሚዛን የሚደፋው ማብራሪያ ቤታ-2 ተቀባዮች ጫፉ ላይ ይበዛሉ የሚለው ነው። አድሬናሊን በጣም ሲበዛ እነዚህ ተቀባዮች ምልክታቸውን ይቀይሩና ምቱን በማጠንከር ፋንታ ያዳክሙታል።

ሌላም የሚገርም ነገር አለ። ተቀባዮቹ ዘወትር ሲነዘነዙ ይደነቁራሉ፣ ቁጥራቸውም ይቀንሳል። ስለዚህ ደሙ በካቴኮላሚን ተሞልቶ ሳለ ግፊቱ እንደ ሌላው ሰው የሆነ በሽተኛ ይገኛል። ልቡ በጣም ሲደክም ደግሞ ግፊት የሚፈጥርበት አቅም ስለማይኖረው በሽተኛው ግፊቱ ወርዶ በሾክ፣ ደም ለሰውነቱ በበቂ ሁኔታ ሳይደርስ፣ ሊመጣ ይችላል። «ግፊቱ ከፍ አላለምና ፊዮ አይደለም» የሚለው ፍርድ እዚህ ላይ ይወድቃል።

(አድሬናል ከዚህ ሌላ ልብ የሚጎዳ ቱመር አለው። አልዶስቴሮን የሚያመርተው የልብን ግድግዳ ያወፍራል፣ ጠባሳ ያበዛል፣ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የተባለውን የልብ ምት መዛባትም ያስከትላል። ኮርቲዞል የሚያመርተውም ግፊቱንና ስኳሩን ከፍ አድርጎ ልብን ይጎዳል። ሁለቱም ግን በዓመታት የሚሠሩ ናቸው። በአንድ ሌሊት ልብ የሚያቆመው የካቴኮላሚኑ ነው፤ እኔም ከእሱ ጋር ልቆይ።)

ያቺ ሰዓት

ለእኔ የዚህ በሽታ ጉዳይ ሁሉ የሚወሰነው በአንዲት ሰዓት ውስጥ ነው፦ አንጂዮግራፊው ንጹሕ ከተባለበት እስከ መጀመሪያው የመድኃኒት ትእዛዝ ድረስ ባለችው።

የተለመደው እጅ ወደ ቤታ ብሎከር ይሄዳል። ልብ በፍጥነት ይመታል፣ ግፊቱ ከፍ ብሏል፣ ጡንቻው ተጎድቷል፤ መስጠቱ ምን ያህል ተፈጥሯዊ እንደሆነ ይገባኛል። ነገር ግን የሚሆነውን በዝግታ እንየው። የጡንቻ ደም ሥሮች ላይ ያሉት ቤታ-2 ተቀባዮች ደም ሥር የሚያሰፉ ናቸው፤ ሲታገዱ የማስፋቱ ሥራ ይቆማል። የሚያጠቡት አልፋ ተቀባዮች ግን ክፍት ናቸው፣ ቱመሩም አላቆመም። ስለዚህ ደም ሥር ሁሉ ይበልጥ ይጠባል፣ ግፊቱ ይተኮሳል። ልብ ደግሞ ይህን ጫና የሚገፋበትን የቤታ ኃይል በዚያው ቅጽበት ተነጥቋል። በሩን ከውጭ ቆልፎ ከውስጥ የሚገፋውን ሰው እጁን እንደማሰር ነው። ደሙ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ሳንባ ውኃ ይሞላል፣ ከሰዓት በፊት በመጠኑ ደክሞ የነበረው ልብ ሾክ ውስጥ ይገባል።

ላቤታሎል ሁለቱንም ያግዳልና ይሻላል የሚል አለ። አይሻልም። በደም ሥር ሲሰጥ ቤታን የሚያግድበት ኃይል አልፋን ከሚያግድበት ሰባት እጥፍ ገደማ ነው፤ ስሙ ሁለቱንም ቢይዝም ሚዛኑ ወደ ቤታ ያጋደለ ነው።

ከቤታ ብሎከር ሌላ ማንም የማይጠረጥራቸው ሁለት መድኃኒቶች አሉ። አንዱ ለማቅለሽለሽ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድ ነው፤ ቱመሩን ቀስቅሶ ካቴኮላሚን እንዲያፈስ ያደርገዋል። ሌላው ዴክሳሜታዞንና የመሳሰሉት ስቴሮይዶች ናቸው። በዚህ ረገድ የሚያናድደኝ አንድ ልማድ አለ። በሲቲ ስካን ድንገት የተገኘ የአድሬናል እብጠት ኮርቲዞል ያመርት እንደሆነ ለማወቅ 1 ሚሊግራም ዴክሳሜታዞን ማታ ይሰጣል፤ ይህ ከመሰጠቱ በፊት ግን ፊዮክሮሞሳይቶማ አለመሆኑ መረጋገጥ ነበረበት። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ምርመራው ራሱ ቀውሱን ሊጠራው ይችላል።

እንግዲህ በዚያች ሰዓት ምን ይደረግ? ከሁሉ በፊት ቆም ማለት። ደም ሥሩ ክፍት ለሆነ ሰው ቤታ ብሎከር በግማሽ ሰዓት ውስጥ የግድ የሚያስፈልግ መድኃኒት አይደለም፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ግፊቱ ከፍ ካለ አልፋን የሚያግደውን ፌንቶላሚን ከ1 እስከ 5 ሚሊግራም በደም ሥር መስጠት ይቻላል። እሱ ከሌለ ደም ሥር የሚያሰፋው ኒካርዲፒን በሰዓት ከ5 ሚሊግራም ጀምሮ እስከ 15 እየተጨመረ ይንጠባጠባል፤ ሶዲየም ናይትሮፕሩሳይድም ይሠራል። ማግኒዚየም ሰልፌት ካቴኮላሚን እንዳይለቀቅ ስለሚያግዝና የልብ ምትን መዛባት ስለሚያረጋጋ ብዙ ጊዜ ተረስቶ የሚቀር ጥሩ ረዳት ነው። የልብ ምቱ ከመጠን ያለፈ ከሆነና አልፋው ከታገደ በኋላ ከሆነ ብቻ፣ ኤስሞሎል የተባለው ቤታ ብሎከር በትንሽ መጠን ይሞከራል፤ የሚመረጠው በደቂቃዎች ውስጥ ከሰውነት ስለሚወጣ ነው።

ግፊቱ ወርዶ ሾክ ውስጥ ላለው ደግሞ ጥያቄው ይከፋል። አድሬናሊንና ዶቡታሚን የሾክ የተለመዱ መድኃኒቶች ናቸው፤ እዚህ ግን ልቡን ያቆመውን ነገር እንደገና ማፍሰስ ነው። ከተቻለ እንዲህ ያለውን ሰው ኤክሞን በመሰለ፣ የልብንና የሳንባን ሥራ በሚተካ መሣሪያ ደግፎ ልቡን ማሳረፍ ይሻላል። መሣሪያ ላይ የገባ የካቴኮላሚን ልብ በቀናት ውስጥ ሲያንሰራራ ይታያል፣ ምክንያቱም ብዙው ጡንቻ ደነዘዘ እንጂ አልሞተም።

ጥርጣሬውን የሚያነሡት ምልክቶች ከባድ አይደሉም፤ መጠየቅ ብቻ ነው የሚፈልጉት። ራስ ምታት፣ ላብና የልብ ትርታ አብረው እየመጡ ከ15 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ቆይተው የሚሄዱ ከሆነ። ፊቱ ሲቀላ ሳይሆን ሲነጣ። ከተቀመጠበት ሲነሣ ግፊቱ የሚወርድ ከሆነ። ከዚህ በፊት ማደንዘዣ ሲሰጠው ግፊቱ ያበደ ሰው። ሽንት ሲሸና የሚያጥወለውለውና የሚያልበው ሰው፤ ይህኛው የሽንት ፊኛ ፓራጋንግሊዮማ ሊሆን ይችላል፣ ከአድሬናል ውጭ የሚበቅለው የዚሁ ቱመር ዘመድ። ስኳር በሽታ ሳይኖርበት ስኳሩ የናረ ሰው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ግፊቱ ሰማይ ወጥቶ ምድር የሚወርድ ሰው። ታኮትሱቦ በብዛት የሚይዘው ያረጡ ሴቶችን ነው፤ ስለዚህ ወጣት ከሆነ፣ ወንድ ከሆነ፣ የሚያስደነግጥ ነገር ሳይገጥመው ከመጣ፣ ወይም የቆመው የልብ ሥር ሆኖ ጫፉ የሚሠራ ከሆነ፣ ፊዮክሮሞሳይቶማ እንዳይሆን መመርመር ይገባል።

ስለ ታኮትሱቦ አንድ ነገር ልጨምር። በሽታው በ1990 ጃፓን ውስጥ ተገልጾ ሲታወቅ፣ ኋላ የወጣው የማዮ ክሊኒክ መመዘኛ ፊዮክሮሞሳይቶማ አለመኖሩን ቅድመ ሁኔታ አድርጎ ነበር። በ2018 የወጣው ኢንተርታክ የተባለው ዓለም አቀፍ መመዘኛ ግን ፊዮክሮሞሳይቶማን ከቀስቃሾቹ አንዱ አድርጎ አስገባው። በሳይንሱ ረገድ ትክክል ነው፤ ሁለቱም በካቴኮላሚን የሚመጡ ናቸው። በተግባር ግን የድሮው መመዘኛ ሳይፈልግ የሠራው ደግ ሥራ ነበረው፦ «ታኮትሱቦ» ብሎ ለመጻፍ መጀመሪያ አድሬናሉን ማየት ግድ ይል ነበር። አሁን ስሙን ጽፎ ማቆም ቀሏል።

ምርመራው የሚያታልልበት ቦታ

የሚለካው ካቴኮላሚኑ ራሱ ሳይሆን ሜታኔፍሪን ነው። ቱመሩ በውስጡ ኮኤምቲ የሚባል ኤንዛይም አለው፤ በዚህ ካቴኮላሚኑን ያለማቋረጥ ወደ ሜታኔፍሪን ይቀይራል፣ ይህም ቱመሩ ዝም ባለበት ጊዜ እንኳ ወደ ደም ይፈስሳል። ስለዚህ ቀውሱ እስኪመጣ መጠበቅ የለም። የደም ሜታኔፍሪን የሚወሰደው በሽተኛው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በጀርባው ተኝቶ ካረፈ በኋላ ነው፤ ተቀምጦ የተወሰደ ናሙና ኖርሜታኔፍሪንን ከፍ ያደርግና በከንቱ ያስደነግጣል። የ24 ሰዓት ሽንትም ይሠራል። የጠዋቱ የመጀመሪያ ሽንት ይጣላል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ እስከ ማግስቱ ጠዋት የመጀመሪያው ሽንት ጭምር ይጠራቀማል፤ ያልተሟላ መሆኑን ለማወቅ ክሪያቲኒን አብሮ ይለካል።

አሚትሪፕቲሊንን የመሳሰሉ ትራይሳይክሊኮች፣ ቬንላፋክሲን፣ ሌቮዶፓና ፊኖክሲቤንዛሚን ውጤቱን ያዛባሉ፤ በአንዳንድ ላቦራቶሪ ዘዴዎች ፓራሲታሞልም ያሳስታል። ትልቁ ማታለያ ግን የበሽተኛው ሁኔታ ነው። ጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኛ ማንኛውም ሰው ካቴኮላሚኑ ከፍ ይላል። ልኩ ከመደበኛው ጣሪያ በመጠኑ ያለፈ ከሆነ ምንም አይናገርም፤ ሦስት አራት እጥፍ ካለፈ ግን ዝም ማለት አይቻልም። ዝቅ ያለ ውጤት ደግሞ በዚያ ሁኔታም ቢሆን ዋጋ አለው፣ ጥርጣሬውን በእጅጉ ያረግበዋል። በመሀል የቀረው ሰው ካገገመ በኋላ ይደገምለታል፤ ቀጠሮው ከሆስፒታል ከመውጣቱ በፊት ካልተያዘ ግን እንደማይደገም እርግጠኛ ነኝ።

የላቦራቶሪው መልስ ቀናት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ቀውስ ውስጥ ላለ ሰው ምስሉ ቢቀድም አልቃወምም፤ ለተረጋጋ ሰው ግን ደሙ ይቅደም፣ አለዚያ ማንንም የማይጎዳ የአድሬናል እብጠት ተገኝቶ ሰው በከንቱ ይጨነቃል። ያለ ኮንትራስት (ያለ ማቅለሚያ) በተነሣ ሲቲ ላይ እብጠቱ ከ10 ሃውንስፊልድ (የሲቲ የጥግግት መለኪያ) በታች ከሆነ ስብ የበዛበት ተራ አዴኖማ ነው፣ ፊዮክሮሞሳይቶማ መሆኑ እጅግ የራቀ ነው። ፊዮክሮሞሳይቶማ ከዚያ በላይ ነው፤ በኤምአርአይ ቲ-2 ላይም ብዙ ጊዜ ደምቆ ይታያል። ከ100 ቱመር ከ80 እስከ 85ቱ አድሬናል ውስጥ ናቸው፤ አድሬናሉ ንጹሕ ሆኖ ሜታኔፍሪኑ ከናረ ፍለጋው ከአንገት እስከ ዳሌ ይሰፋል። እብጠቱን በመርፌ ወግቶ ናሙና መውሰድ ግን የተከለከለ ነው፤ መርፌው ራሱ ቀውስ ይቀሰቅሳል።

ልብ ደክሞ ሳለ መዘጋጀት

ፈውሱ ቱመሩን ማውጣት ነው። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሴዛር ሩ በ1926 ሎዛን ውስጥ፣ ቻርልስ ማዮ በ1927 ሮቼስተር ውስጥ አውጥተውታል። አስቸጋሪው እስከ ቀዶ ሕክምናው ያለው መንገድ ነው፣ በተለይ ልብ ሲደክም፤ ምክንያቱም የተለመደው የዝግጅት ደንብ የተጻፈው ልቡ ደህና ለሆነ ሰው ነው።

ደንቡ እንዲህ ይላል። አልፋ ብሎከር ቢያንስ ከ7 እስከ 14 ቀን ይቀድማል። ፊኖክሲቤንዛሚን ከሆነ በቀን ሁለቴ 10 ሚሊግራም ተጀምሮ በየጥቂት ቀኑ ይጨመራል፤ ዶክሳዞሲን ከሆነ ከ2 ሚሊግራም ተነሥቶ እስከ 32 ሊደርስ ይችላል። ዒላማው ሲቀመጥ ከ130/80 በታች፣ ሲቆም የላይኛው ከ90 ያላነሰ ነው። ሁለቱን መድኃኒቶች ያወዳደረውና በ2020 የታተመው ፕሪስክሪፕት የተባለው ጥናት በቀዶ ሕክምናው ወቅት ግፊቱ ከዒላማው ውጭ በቆየበት ጊዜ ረገድ ልዩነት አላገኘም፤ ፊኖክሲቤንዛሚን የወሰዱት ግን በጥቅሉ ያነሰ መዋዠቅ ታይቶባቸዋል። ፊኖክሲቤንዛሚን አፍንጫ ይደፍናል፤ አልፋው መታገዱን የሚናገር ምልክት ነው። እዚህ ላይ በሽተኛውን አስቀድሞ ማስጠንቀቅ ያሻል፣ ምክንያቱም አፍንጫው የተደፈነበት ሰው ፋርማሲ ሄዶ የሚገዛው ግፊት የሚጨምረው ሱዶኤፌድሪን ያለበትን የጉንፋን መድኃኒት ነው።

አልፋው ከታገደ ከ3 ወይም 4 ቀን በኋላ፣ ልብ በፍጥነት የሚመታ ከሆነ ቤታ ብሎከር ይጨመራል። ልቡ ደህና ለሆነ ሰው ፕሮፕራኖሎል በቀን ሦስት ጊዜ 20 ሚሊግራም የተለመደ ነው። ልቡ ለደከመ ግን ከ10 ሚሊግራም በላይ መጀመር አይገባም፤ አልፋው በደንብ ቢታገድም እንኳ የደከመ ልብ የቆመው በካቴኮላሚኑ ምርኩዝ ነውና፣ ምርኩዙ በአንዴ ሲነጠቅ ሳንባ ውኃ ሊሞላ ይችላል። የመጀመሪያዎቹን 24 ሰዓታት ሆስፒታል ውስጥ ቢያሳልፍ ይመረጣል።

ከዚያ ጨውና ፈሳሽ ይመጣል። ለወራት የጠበበ ደም ሥር በውስጡ የያዘው ፈሳሽ ትንሽ ነው፤ አልፋ ብሎከር ሲያሰፋው ባዶ ይሆናል፣ በሽተኛው ሲቆም ይወድቃል፣ ቱመሩ በወጣ ቅጽበትም ግፊቱ ይሰምጣል። ስለዚህ ደንቡ ጨው አብዝቶ እንዲበላ፣ ፈሳሽም አብዝቶ እንዲጠጣ ያዛል። የልብ ድካም ላለበት ሰው ግን ይህን ማዘዝ በገዛ እጅ ሳንባ መሙላት ነው። ሁለቱ ትእዛዞች ፊት ለፊት የሚጋጩበት ቦታ ይህ ነው፤ ቁጥር ሰጥቶ የሚገላግል ደንብም የለም። እኔ የማደላው የአልፋውን መጠን ቀስ ብሎ ወደማሳደጉና ጊዜውን ወደማራዘሙ ነው፤ ደም ሥሩ እየሰፋ በሄደ መጠን ሰውነት ራሱ ፈሳሹን ይተካል። በየቀኑ ክብደት፣ ሲቀመጥና ሲቆም የሚለካ ግፊት፣ ሄማቶክሪት (በደም ውስጥ የቀይ ሕዋሳት ድርሻ)፣ በየሳምንቱም ኤኮ። ሄማቶክሪቱ እየወረደ ክብደቱ በመጠኑ ከጨመረና ትንፋሹ ካላጠረ፣ መንገዱ ልክ ነው።

ይህ ሁሉ ሳምንታት ይወስዳል፤ ይውሰድም። ልቡ በደከመ በማግስቱ ቱመሩን ለማውጣት መቸኮል ብዙ ጊዜ ሕይወት ያስከፍላል። አልፋ ብሎከር ብቻ ተሰጥቶ የልቡ የመግፋት አቅም ከ25 በመቶ ወደ 50 ሲወጣ መታየቱ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ያን ጊዜ ወደ ቀዶ ሕክምና የሚገባው ሌላ ሰው ነው ማለት ይቻላል። ቱመሩ ደምቶ ወይም ፈንድቶ ካልሆነ፣ ወይም ቀውሱ በመድኃኒትም በመሣሪያም አልቆም ካላለ በቀር መጠበቁ ያዋጣል።

በቀዶ ሕክምናው ክፍል ውስጥ ግፊቱ የሚተኮስባቸው ቅጽበቶች የታወቁ ናቸው፦ ቱቦ ወደ አየር ቧንቧ ሲገባ፣ ሆድ በጋዝ ሲነፋ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የቀዶ ሐኪሙ እጅ ቱመሩን ሲነካ። የማደንዘዣ ሐኪሙ ከማደንዘዙ በፊት የደም ቧንቧ ውስጥ መለኪያ አስገብቶ ግፊቱን በየምቱ ያያል፤ ልቡ ለደከመ ሰው በጉሮሮ የሚገባ ኤኮም ይጨመራል። ግፊት የሚጨምሩት ኬታሚንና ኤፌድሪን ከትሪው ላይ ይነሣሉ። የአድሬናሉ ደም መልስ በተቋጠረ ቅጽበት ደግሞ ሁሉም ይገለበጣል፤ ደቂቃ ሳይሞላ ግፊቱ ይወርዳል። የቀዶ ሐኪሙ «ልቋጥር ነው» ብሎ ጮክ ብሎ መናገሩ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግፊት የሚያወርደው መድኃኒት የሚቆመው፣ ግፊት የሚያነሣው ቫሶፕሬሲንና ፈሳሽም የሚዘጋጀው በዚያ ቃል ነው።

ቱመሩ ከወጣ በኋላ

የመጀመሪያው ወጥመድ ስኳር ነው። ካቴኮላሚን ኢንሱሊንን አፍኖ ይዞት ኖሯል፤ ሲነሣ ኢንሱሊኑ ይለቀቅና ስኳሩ ይወርዳል። ከማደንዘዣ እየነቃ ያለ ሰው ቢደነዝዝ ማንም አይገርመውም፤ ስለዚህ ከ24 እስከ 48 ሰዓታት ድረስ ስኳሩ በተደጋጋሚ መለካት አለበት።

ሜታኔፍሪኑ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ይለካል፣ ከዚያም በየዓመቱ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 ባወጣው ምደባ «ደግ» እና «ክፉ» የሚለውን ክፍፍል ትቶ ማንኛውም ፊዮክሮሞሳይቶማ የመዛመት አቅም እንዳለው ተቀብሏል፤ ስለዚህ «ወጥቷል፣ አለቀ» ተብሎ የሚሰናበት በሽተኛ ሊኖር አይገባም። ከበሽተኞቹ ሲሶ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ በዘር የሚተላለፍ የጂን ለውጥ አለባቸው። ሬት፣ ቪኤችኤል፣ ኤንኤፍ-1 እና ኤስዲኤች የተባሉት ጂኖች ዋነኞቹ ናቸው፤ ኤስዲኤችቢ የተገኘበት ሰው ቱመሩ የመዛመት ዕድሉ ከሌሎቹ ይበልጣል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እዚህ ግን ወንድምና እህት፣ ልጆችም፣ የሚደብቁት ነገር እንዳለ ራሱ አያውቁም። የእነሱ ምርመራ ከበሽተኛው ሕክምና ተለይቶ የሚታይ አይደለም።

ልቡስ? በድንገት የቆመው ዓይነት ከቀናት እስከ ሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። ለዓመታት ሲንጠባጠብበት ሰፍቶና ላልቶ የነበረው ወራት ይፈልጋል፣ አንዳንዱም ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ኤኮው «መደበኛ» ካለ በኋላ በኤምአርአይ ሲታይ ጠባሳ ሊገኝ ይችላል፤ ከተፈወሱ ሰዎች መካከል ግፊታቸው ልክ ሆኖ ሳለ በልባቸው ጡንቻ ላይ የተበታተነ ጠባሳ የተገኘባቸው አሉ።

ከዚህ የሚነሣው ጥያቄ የልብ ድካሙን መድኃኒቶች መቼ ማቆም ይቻላል የሚለው ነው። ልባቸው ሰፍቶ ከቆየ በኋላ ያገገመላቸውን ሰዎች መድኃኒት አቁሞ የተከታተለው ትሬድ-ኤችኤፍ የተባለ ጥናት ከ10ሩ 4ቱ ገደማ በ6 ወር ውስጥ ድካሙ እንደተመለሰባቸው አግኝቷል፤ ስለዚህ ዛሬ ማንም ሐኪም በቀላሉ አያቆምም። እነዚያ ሰዎች ግን በአብዛኛው ምክንያቱ ያልተወገደላቸው ናቸው፤ የፊዮክሮሞሳይቶማው በሽተኛ ምክንያቱ ተቆርጦ ወጥቷል። በእኔ አስተያየት ሜታኔፍሪኑ ልክ ከሆነ፣ የመግፋት አቅሙ ከ6 ወር በላይ መደበኛ ሆኖ ከቆየና ኤምአርአዩ ጠባሳ ካላሳየ፣ አንድ በአንድ እየቀነሱ፣ ከእያንዳንዱ ቅነሳ በኋላ ኤኮ እየደገሙ ማቆም ይቻላል። ጠባሳ ካለ ግን መድኃኒቱ ይቀጥላል፣ በሽተኛው ምንም ያህል ደህና ነኝ ቢል። ድካሙ ከተመለሰ ደግሞ የልቡን መድኃኒት ከመጨመር በፊት ሜታኔፍሪኑ እንደገና ይለካ።